ቁልቁለትና ፍሬን፤ የአሮጌ አውቶሞቢል ዲስክ መቼ ይላጋል? መቼስ ይለወጣል?

የዓባይን በረሃ በመኪና የወረደ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው አንድ ሽታ አለ፤ ይኸውም የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ነው። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ እስከ ድልድዩ ድረስ በሚጠማዘዘው መንገድ ላይ ከባድ የጭነት መኪናዎች በዝግታ ሲወርዱ ይህ ሽታ ከቆላው ሙቀት ጋር ተቀላቅሎ በመስኮት ይገባል፤ ተጓዡም አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እኔም ለብዙ ጊዜ አፍንጫቸውን ይዘው ከሚያልፉት አንዱ ነበርሁ። ሽታው ከራሳችን መኪና የመጣ ቀን ግን ነገሩ ሌላ ሆነ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመስከረም ወር፤ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ዘመድ ሞቶበት ለልቅሶ ወደ ደብረ ማርቆስ ስንጓዝ የያዝነው መኪና የእርሱ አሮጌ ራቭ ፎር ነበር። የቁልቁለቱን ሲሶ እንደ ወረድን የፍሬኑ ፔዳል ከእግሩ ሥር ይርገበገብ ጀመር፤ መሪውም ይንቀጠቀጥ ነበር። ባልደረባዬ ይህን ከወር በፊት ጀምሮ የሚያውቀው ስለሆነ «የተለመደ ነው» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ሽታው መጣ። ቀጥሎ በአንድ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ፔዳሉን ሲረግጠው ዱባ እንደ መርገጥ ያህል ለስልሶ ወደ ወለሉ ወረደ። ደግነቱ ፍጥነታችን ብዙ አልነበረምና ማርሹን ወደ አንደኛ መልሶ፤ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ስቦ፤ መኪናውን ከተራራው በኩል ካለው ቦይ ጋር አስጠግቶ አቆመው። ከወረድን በኋላ ለረጅም ጊዜ አልተነጋገርንም። የፊቶቹ ጎማዎች ቸርኬ እጅ አያስጠጋም ነበር።

እንግዲህ ይህ መኪና ፍሬኑ ያልታየ መኪና አይደለም። ከወር በፊት ጋራዥ ገብቶ አዲስ የፍሬን ሸራ ተደርጎለታል፤ ደረሰኙም በኪሱ ነበር። ዳሩ ግን ሸራው የሚይዘውን ዲስክ የለካው ሰው አልነበረም። ስለ ዲስክ በዚህ ገጽ ለመጻፍ ያሰብሁት ከዚህ የተነሣ ነው። ደመወዙን አጠራቅሞ ወይም ከአባቱ ተረክቦ አሮጌ አውቶሞቢል የሚይዘው ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ስለ ሞተር ዘይትና ስለ ጎማ ብዙ ምክር ይሰማል፤ ስለ ዲስክ ግን የሚነግረው ሰው እምብዛም የለም።

ራቭ ፎር የሚባለው የቶዮታ መኪና እ.ኤ.አ. በ1994 በጃፓን አገር ለሽያጭ የቀረበ ነው። በአንድ በኩል የቤት አውቶሞቢልን አካሄድ፤ በሌላ በኩል የአራት ጎማ ጉልበትንና ከመሬት ከፍ ማለትን አጣምሮ የያዘ አነስተኛ መኪና በመሆኑ ወጣቶች ወደዱት። የመጀመሪያው ዓይነት እስከ 2000 ድረስ ተሠርቷል። ከዚያ ዘመን የተረፉት በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ዛሬም ይታያሉ፤ ዋጋቸውም ከዕድሜያቸው ጋር አይወርድም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ በኋላ ደግሞ አሮጌውን ጠብቆ መያዝ የአብዛኛው ባለመኪና ዕጣ ሆኗል።

የዚህ መኪና የፊት ፍሬን በዲስክ፤ በመጀመሪያው ዓይነት ላይ የኋላው ፍሬን በታምቡር የሚሠራ ነው። ዲስክ ማለት ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር ክብ የብረት ሳሕን ነው። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የፍሬን ዘይት በቀጭን ቱቦ ተገፍቶ ካሊፐር ወደሚባለው መያዣ ይሄዳል፤ በዚያም ያለው ፒስተን ሁለቱን ሸራዎች በዲስኩ ግራና ቀኝ ያጣብቃቸዋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1902 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል፤ ነገር ግን ዓለም ያመነው በ1953 ዲስክ ፍሬን የተገጠመለት ጃጓር በፈረንሳይ አገር የሌ ማንን የሃያ አራት ሰዓት ውድድር ባሸነፈ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

ፍሬን መኪናን የሚያቆመው ጉልበቱን አጥፍቶ አይደለም፤ ወደ ሙቀት ለውጦ ነው። ተማሪ የሆነ አንባቢ የፊዚክስ ደብተሩን አንሥቶ ሊያሰላው ይችላል። ከነተሳፋሪው 1,300 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የያዘው ጉልበት 320 ኪሎ ጁል ያህል ነው። ፍጥነቱን ወደ 40 ቢቀንስ ጉልበቱ የሚቀረው ግማሽ ሳይሆን ሩብ ብቻ ነው፤ ጉልበት ከፍጥነት ካሬ ጋር ያድጋልና። ከ80 ጀምሮ እስኪቆም ድረስ አንድ ጊዜ ቢያዝ፤ ስድስት ኪሎ ያህል የሚመዝን የፊት ዲስክ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ይህ በከተማ ምንም አይደለም፤ እስከሚቀጥለው መብራት ድረስ ነፋስ ያበርደዋል።

ቁልቁለት ግን ሌላ ሒሳብ አለው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ድረስ ያለው መውረድ 1,400 ሜትር ያህል ነው። ጓዝና ሰው ይዞ 1,500 ኪሎ የደረሰ መኪና ይህን ሲወርድ ሃያ ሚሊዮን ጁል የሚያህል ጉልበት አንድ ቦታ ማራገፍ አለበት። ይህም 60 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ እሳት ነው። ከፊሉን ነፋስና ሞተር ይወስዱታል፤ ማርሹን በዜሮ አድርጎ ለሚወርድ ሰው ግን ከነፋስና ከጎማ ሰበቃ የተረፈው ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

ዲስክ ሲሳሳ ምን ያጎድላል ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ሙቀቱን የሚያጠራቅመው ብረቱ ነውና ብረቱ በቀነሰ መጠን ያው ጉልበት የበለጠ ያግለዋል። የፊት ዲስክ ሲታይ አንድ ወፍራም ሳሕን ይመስላል እንጂ በእውነቱ ሁለት ሳሕኖች ናቸው፤ በመካከላቸው ነፋስ የሚያሳልፉ ክንፎች አሉ። እነዚህ ክንፎች በጭቃና በዝገት ከተደፈኑ መቀዝቀዙ ይዘገያል። ሙቀቱ ከዲስኩ ወደ ሸራው፤ ከሸራው ወደ ፒስተኑ፤ ከፒስተኑ ወደ ዘይቱ ይሻገራል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ውስጥ እርጥበት የመጠጣት ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ መለኪያው ያዝዛል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ የሚጠየቀው ግን 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል እንጂ አይገፋም። የባልደረባዬ ፔዳል ወለል የነካው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የሚለይ ሌላ ሕመም አለ። ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንካራ ሆኖ ሳለ መኪናው አልቆም ሲል ዘይቱ ሳይሆን ሸራው ነው የጋለው፤ መያዝ አቅቶት በዲስኩ ላይ ይንሸራተታል ማለት ነው። ለስላሳ ፔዳልና ጠንካራ ፔዳል የተለያየ ነገር ይናገራሉ፤ ሾፌሩ ለመካኒኩ የትኛው እንደሆነ ቢነግረው ግማሹን ሥራ አቃለለለት።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። አንድ ሰዓት ያህል አርፈን፤ ፔዳሉ ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ በአንደኛ ማርሽ እየተሳብን ድልድዩ ዘንድ ደረስን። እዚያ አንድ ልጅ በጀሪካን ውሃ ይዞ መጥቶ ጎማው ላይ ላፍስስ አለን። ባልደረባዬ ሊፈቅድለት ነበር፤ እኔ ከለከልሁት። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ዲስኩን ሊሰነጥቀው ወይም ሊያጣምመው ይችላል፤ የሚያበርደው ነፋስ ነው። ልጁ ግን ሥራውን ስለ ከለከልነው አኩርፎ ሄደ፤ የጀሪካኑን ዋጋ ብንሰጠው ይሻል ነበር።

ደብረ ማርቆስ ገብተን ለቅሶው ካበቃ በኋላ የሰዎች ምክር ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ መራን። ሽማግሌው መኪናውን ከማንሣታቸው በፊት ቁልፉን ጠይቀው ሠፈሩን አንድ ጊዜ ዞሩበት። ሲመለሱ፦

«ማነው ይህን ሸራ የለወጠላችሁ?» አሉ።

«አዲስ አበባ ነው ያስለወጥሁት፤ ጋሼ» አለ ባልደረባዬ።

«ሸራው ደኅና ነው። ግን ልጄ፤ አዲስ ጫማ ገዝተህ በእሾህ ላይ ብትሄድበት ጫማው ምን ያድርግ?»

ከዚያ ጎማውን ፈትተው አሳዩን። የዲስኩ ፊት በጥፍር የሚዳሰስ ቦይ ቦይ ሠርቷል፤ በዙሪያው ጠርዝ ላይ ሸራ የማይነካው ብረት እንደ ድስት ከንፈር ቆሞ ቀርቷል። ተራ ማስመሪያ ወይም ሰፊ አፍ ያለው መለኪያ የሚያሳስተው ይህ ከንፈር ነው፤ መለኪያው በከንፈሩ ላይ ያርፍና ዲስኩ ገና ወፍራም ነው ይላል። ሽማግሌው ማይክሮሜትር አውጥተው ከከንፈሩ ወደ ውስጥ ገባ ብለው በዙሪያው ስምንት ቦታ ለኩ። ከዚያ በዲስኩ መካከል ባለው ቆብ ላይ ያለውን ዝገት በሽቦ ቡርሽ ጠርገው የተቀረጸ ቁጥር አሳዩን። ብዙ አምራቾች የሚፈቀደውን ዝቅተኛ ውፍረት በሚሊሜትር እዚያ ላይ ይቀርጹታል። ከአዲሱ እስከ ዝቅተኛው ያለው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ለብዙ ዓመት የተሰጠን ብረት ይህችው ናት። የባልደረባዬ ዲስክ ከተቀረጸው ቁጥር በታች አንድ ሚሊሜትር ተኩል ወርዶ ተገኘ።

ስለ መርገብገቡ የተናገሩት ደግሞ ለእኔ አዲስ ነበር። ሰው ሁሉ «ዲስኩ ተጣሟል» ይላል፤ እውነተኛው ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። ዲስኩ የተቀመጠበት ሞዞ ላይ የዝገት ቅርፊት ቢኖር፤ ወይም የጎማው ዳዶዎች አንዱ ጠብቆ አንዱ ላልቶ ቢታሰር፤ ዲስኩ ሲዞር ከመስመሩ ጥቂት ይወላገዳል። ቶዮታ ለዚህ መኪና የሚፈቅደው መወላገድ 0.05 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ከአንድ ፀጉር ውፍረት ያነሰ ማለት ነው። ከዚህ ካለፈ ዲስኩ በየዙሩ አንዱን ቦታ ሸራው ላይ እያሻሸ ይሄዳል፤ ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ያ ቦታ ከሌላው ይሳሳል፤ ወይም የሸራው ቅባት አንዱ ቦታ ላይ በዝቶ ይጋገራል። ፒስተኑ በወፍራሙ ቦታ ላይ ወደ ኋላ፤ በስሱ ቦታ ላይ ወደ ፊት ሲል እግራችን ሥር መርገብገብ ይሆናል። ስለዚህ ሞዞው ሳይጸዳ አዲስ ዲስክ ቢገባ ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ሕመም ይመለሳል፤ ባለመኪናውም «ዕቃው የማይረባ ነው» ብሎ ሻጩን ይረግማል።

ባልደረባዬ ቶርኖ ቤት ወስደን ብናስልገውስ ብሎ ጠየቀ። ዲስክን በቶርኖ ማላግ የተለመደና አንዳንድ ጊዜም ትክክለኛ ሥራ ነው። ሁለቱም ፊቶች እኩል ተላግተው፤ ከተላገም በኋላ ከተቀረጸው ቁጥር በላይ የሚቀር ከሆነ ገንዘብ ያድናል። ከቁጥሩ በታች የወረደውን ማላግ ግን ወረቀት እስኪሆን ድረስ ልብስ እንደ ማጠብ ነው። በበኩሌ እላለሁ፤ መላጊያውና የአዲሱ ዋጋ ከተቀራረቡ፤ አዲሱ ይሻላል።

አዲሶቹ ዲስኮች ከአዲስ አበባ ከመርካቶ ተገዝተው በማግሥቱ በአውቶቡስ መጡ። ጥንድ ናቸው፤ አንዱን ጎን ብቻ መለወጥ አይገባም፤ አንዱ ጎማ ከሌላው ቀድሞ ቢይዝ መኪናው ወደዚያው ይሳባልና። ሽማግሌው ካርቶኑን ከመክፈታቸው በፊት በእጃቸው መዘኑት፤ ከዚያም የዝቅተኛው ውፍረት ቁጥር መቀረጹን፤ ክንፎቹ እኩል መሆናቸውን፤ የአምስቱ ቡሎን ቀዳዳዎች መግጠማቸውን አዩ።

ሥራው ረጅም አይደለም፤ ግን ቅደም ተከተል አለው። መሬቱ ደልዳላ መሆን አለበት፤ የኋላ ጎማዎች በድንጋይ ይደገፋሉ። ዳዶዎቹ መኪናው መሬት ላይ እያለ ጥቂት ይላላሉ፤ ከዚያ በክሪክ ይነሣል፤ ከተነሣም በኋላ በብረት ማቆሚያ ላይ ያርፋል። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ ማቆሚያ አይደለም፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር እጅ መስደድ የሞት ሥራ ነው። ካሊፐሩ ሲፈታ በዘይት ቱቦው ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም፤ ሽማግሌው በሽቦ ከስፕሪንጉ ጋር አሰሩት። አሮጌው ዲስክ ከዝገት የተነሣ ከሞዞው አልላቀቅ አለ። የባልደረባዬ ዓይን ወደ መዶሻው ሄደ። ሽማግሌው ግን በዲስኩ ቆብ ላይ ያሉትን ሁለት ጥርስ ያላቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሳዩት፤ ሁለት ቡሎኖች አስገብተው በየተራ ሲያጠብቁ ዲስኩ ራሱን ገፍቶ ወጣ። በብዙ የቶዮታ ዲስኮች ላይ እነዚህ ቀዳዳዎች ለዚሁ የተሠሩ ናቸው፤ ሰው ግን መዶሻ ይወዳል።

ሞዞውን በሽቦ ቡርሽ ብረቱ እስኪያበራ አጸዱት። የፍሬን አቧራ ግን በነፋስ መንፋት ወይም በትንፋሽ እፍ ማለት አይገባም፤ በተለይ በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ነበረበት፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። አዲሱ ዲስክ እንዳይዝግ የተቀባው ዘይት በፍሬን ማጽጃ ወይም በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ይደርቃል። ይህ ዘይት ካልተነሣ ወደ ሸራው ይገባል፤ ሸራውም አይድንም። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች ወጥተው ተጠርገው፤ ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ግራሶ ተቀቡ፤ የጎማ መሸፈኛውን የሚያሳብጥ ተራ ግራሶ አይሆንም። ፒስተኑ ቀስ ተብሎ ወደ ቤቱ ሲገፋ ዘይቱ ወደ ላይኛው ማጠራቀሚያ ስለሚመለስ እንዳይፈስ ይጠበቃል፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። የወር ዕድሜ የነበራቸው ሸራዎችም ተጣሉ፤ የአሮጌውን ዲስክ ቦይ ተከትለው ተበልተዋልና በአዲስ ፊት ላይ አይገጥሙም። ባልደረባዬ ሁለት ጊዜ የከፈለው በዚህ ነው።

ዳዶዎቹ በዙሪያ ሳይሆን እንደ ኮከብ እየተዘለለ ይጠብቃሉ፤ ለዚህ መኪና የታዘዘው 103 ኒውተን ሜትር ነው። ቁልፉን በእግር መርገጥ ወይም ቧንቧ አስገብቶ መሳብ ከዚህ ብዙ ያሳልፋል፤ ከላይ የተባለው መወላገድም ከዚሁ ይጀምራል። አሮጌው ዘይት ወጥቶ አዲስ ተሞላ፤ አየሩም ወጣ። ከሁሉ በኋላ ሽማግሌው ሞተሩን ሳያስነሡ ፔዳሉን ደጋግመው ረገጡት፤ እስኪጠነክር ድረስ። ፒስተኑ ወደ ኋላ ተገፍቶ ስለነበር የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ነው። ይህን ረስቶ ማርሽ አስገብቶ ከጋራዥ የሚወጣ ሰው ፍሬን የለውም፤ የመጀመሪያው ግድግዳ ያቆመዋል።

አዲስ ዲስክና ሸራ መለማመድ ያስፈልጋቸዋል። ባዶ መንገድ ላይ ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 10 ያህል በመጠነኛ እርግጫ መቀነስ፤ ጥቂት ሄዶ ማቀዝቀዝ፤ እንደገና መያዝ፤ አሥር ጊዜ ያህል። በጋለ ጊዜ ፔዳሉን ረግጦ መቆም ግን አይገባም፤ የሸራው ምልክት በዲስኩ ላይ ታትሞ ይቀራል። ሽማግሌው ከመቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና እንድናይ አዘዙን።

ስንመለስ ከደጀን በኩል ያለውን ቁልቁለት ባልደረባዬ በሁለተኛ ማርሽ ወረደ። አውቶማቲክ የያዘ ሰው መዘውሩን በ2 ቁጥር ወይም በኤል ፊደል ላይ ቢያደርገው ያው ነው። ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ ይይዝና ይለቃል፤ በልስላሴ ያለማቋረጥ አይጫነውም፤ በመልቀቂያው ጊዜ ነፋስ ይገባል። አንዳንድ ሾፌር ቤንዚን ለማዳን በቁልቁለት ሞተሩን ያጠፋል፤ ከዚህ የከፋ ቁጠባ አላውቅም። የእግርን ጉልበት የሚያግዘው መሣሪያ በሞተሩ ሳቢነትና በውጭው አየር ግፊት ልዩነት የሚሠራ ስለሆነ ሞተሩ ከጠፋ አንድ ሁለት ጊዜ ረድቶ ያበቃል። ደጋ ላይ ደግሞ ሞተሩ እየሠራም ቢሆን እርዳታው ያነሰ ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነውና። ጅቡቲ ላይ ቀላል የነበረ ፔዳል እንጦጦ ላይ ቢከብድ የሚያስደንቅ አይደለም።

ድልድዩ ዘንድ ወርደን እጄን ወደ ቸርኬው አስጠጋሁ፤ ሞቅ ብሏል እንጂ አያቃጥልም። ያኮረፈውን ልጅ ፈለግነው፤ አልነበረም።

አሮጌዎቹን ሁለት ዲስኮች ባልደረባዬ ለማስታወሻ ብሎ አዲስ አበባ ይዟቸው ገብቶ ነበር። ጥቂት ቀን በረንዳው ላይ ከቆዩ በኋላ ሚስቱ ለቆራሌው ሰጠቻቸው። ቆራሌው በሚዛኑ ላይ አድርጎ «እመቤቴ፤ ይህማ አልቋል፤ ምንም አይመዝን» ብሎ ዋጋውን ቀነሰባት።